የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር አንድ የፕሬዚዳንት ሙዚየም ጎብኝተን ነበር። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለሆነ ደብዳቤዎቹን ማንበብ አቃተን፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «ቅጂ» ይላሉ። ከፍለን የገባነው ቅጂ ልናይ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ መብራቱ የቀነሰው ሆን ተብሎ ነው። ብርሃን ወረቀትን፣ ቀለምንና ጨርቅን ያደበዝዛል፤ የደበዘዘው ደግሞ አይመለስም። ለእነዚህ ዕቃዎች የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ የቢሮ ጠረጴዛ 500 ያህል ያገኛል። ጉዳቱ ይጠራቀማል። 50 ሉክስ በቀን ለ8 ሰዓት ቢበራ በ90 ቀን 36,000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል፤ መብራቱን ወደ 100 ከፍ ቢያደርጉት ያው መጠን በ45 ቀን ይሞላል። የአልትራቫዮሌት ማጣሪያም ብቻውን አያድንም፤ ለዓይን የሚታየው ብርሃንም ያደበዝዛልና። ስለዚህ ዋናው ደብዳቤ ጥቂት ወራት ታይቶ ወደ ጨለማ ክፍል ይመለሳል፣ ቦታውን ቅጂ ይይዛል። ቅጂ መሆኑን በግልጽ የሚጽፍ ሙዚየም በእኛ እምነት ሊመሰገን ይገባዋል።

ሁሉም ቅጂ ነው ማለት ግን አይደለም። ቦስተን በሚገኘው የኬኔዲ ሙዚየም ያለው የኮኮናት ቅርፊት ዋናው ነው። ኬኔዲ በ1943 ፒቲ-109 የተባለችው ጀልባው ስትሰጥም የእርዳታ መልእክት የቀረጸበት ነው፤ ኋላም ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያኖረው ነበር።

ጥያቄ፦ በየሙዚየሙ የሚታየው ኦቫል ኦፊስ (የፕሬዚዳንቱ ቢሮ) የትኛው ነው እውነተኛው?

መልስ፦ አንዱም። እውነተኛው ዋይት ሐውስ ውስጥ ነው። የሬጋን (ሲሚ ቫሊ) እና የክሊንተን (ሊትል ሮክ) በሙሉ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ የጆንሰን (ኦስቲን) ከዋናው ሰባት ስምንተኛ እጅ ብቻ ነው። እውነተኛ ነገር ከፈለጉ ሲሚ ቫሊ ያለው 27000 ቁጥር ቦይንግ 707 አውሮፕላን አለ፤ እስከ 2001 ፕሬዚዳንቶችን ያመላለሰ ነው፣ ውስጡ ይገባል።

ጥያቄ፦ የውጭ መሪዎች የሰጧቸውን ስጦታ ፕሬዚዳንቶቹ ለምን ቤታቸው አይወስዱም?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ይከለክላል። በ1966 የወጣው ሕግና ማሻሻያዎቹ ከተወሰነ ዋጋ በታች ያለውን ለተቀባዩ ይተዋሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው የመንግሥት ንብረት ነው። ጣሪያው በ2023 480 ዶላር ነበር፤ በየሦስት ዓመቱ ይከለሳል። በጣም የወደዱትን በግምት ዋጋው ሊገዙት ይችላሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 ለጃክሊን ኬኔዲ ያበረከቱት የነብር ቆዳ ካፖርት ከዚህ ሕግ በፊት የተሰጠ ነው።

ጥያቄ፦ የንጉሠ ነገሥቱን የአሜሪካ ጉብኝቶች ሰነድ ማየት እፈልጋለሁ። ተራ ሰው ይፈቀድለታል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይፈቀዳል፤ የዲግሪ ወረቀት አይጠየቅም። በመጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን ይለዩ። የ1945ቱ፣ ከሩዝቬልት ጋር በመርከብ ላይ የተደረገው ውይይት ሃይድ ፓርክ (የሩዝቬልት ቤተ መጻሕፍት)፣ የ1954ቱ አቢሊን (የአይዘንሃወር)፣ የጥቅምት 1963ቱ ቦስተን (የኬኔዲ)፣ የ1967ቱ ኦስቲን (የጆንሰን) ነው። ሲፈልጉ 1963ን በእኛ አቆጣጠር 1956 ዓ.ም. ብለው ቢጽፉ ምንም አያገኙም፤ የንጉሡንም ስም በአንድ «ኤል»ም በሁለት «ኤል»ም ይሞክሩ። በድረ ገጽ የተጫነ ብዙ ነገር ስላለ ቲኬት ሳይቆርጡ ያንን ይጨርሱ።

ከዚያ የሳጥኑን ቁጥርና የፋይሉን ስም ይዘው ለመዛግብት ባለሙያው ይጻፉና ቀጠሮ ይያዙ። «ስለ ኢትዮጵያ ያለውን ሁሉ» የሚል ደብዳቤ የሚያመጣው መልስ አጠቃላይ ዝርዝር ብቻ ነው። ፎቶ ያለው መታወቂያ ይዘው ይሂዱ፤ ቦርሳና ካፖርት ውጭ ይቀመጣሉ፣ የሚጻፈው በእርሳስ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑም አንድ ፋይል ብቻ ይከፈታል። ፎቶ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል፤ ከእያንዳንዱ ፋይል በፊት ሽፋኑን ያንሱ፣ አለዚያ ወረቀቱ ከየት እንደመጣ በኋላ አይታወቅም።

በፋይሉ መሃል የሰነዱን ዓይነት፣ ቀንና የተነሣበትን ምክንያት ብቻ የያዘ ወረቀት ካገኙ ሰነዱ ከፋይሉ ወጥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ምስጢርነት ከሆነ ወረቀቱን ገልብጠው ምስጢርነቱ እንዲመረመር በጽሑፍ ያመልክቱ። ምርመራው ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን እዚያው ሳሉ ያስገቡ።