መልስ፦ ኤክሴል ላይ አንዱ ኮለም ያለቅጥ ሲሰፋ፣ ሌላው ##### ሲያሳይ

የሽያጭ መዝገብህ ላይ የቀኑ ኮለም (ዓምድ) ያለቅጥ ሰፋ፣ የብሩ ደግሞ ##### ያሳያል ብለህ ጠይቀሃል። ስፋቱን ስታስተካክል ሙሉ ኮለሙን አትምረጥ፣ ሰንጠረዡን ብቻ ምረጥ። ኤ1 ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያው ሴል (ሳጥን)፣ «የሐዋሳ አሞራ ገደል የዕለት የዓሣ ሽያጭ መዝገብ» ብለሃል። የኮለሙን ጠርዝ ሁለቴ ስትጫን ኤክሴል ስፋቱን የሚለካው በዚህ ረጅም ርዕስ ነው፤ ቀኑ የተጻፈበት ኮለም ግማሽ ስክሪን የያዘብህ ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ላይ እንዲህ አድርግ፦

1. «ቀን» የሚለው ራስጌ ያለበትን ሴል፣ ማለትም ኤ3ን ጫን።
2. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንድን አንድ ላይ ተጫን። እስከ መጨረሻው ሴል ይመረጣል።
3. አልትን ተጭነህ ልቀቅ፤ ከዚያ ኤች፣ ኦ፣ አይ በተራ በተራ። አንድ ላይ ከያዝካቸው አይሠራም። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነም መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው።

ስፋቱ አሁን በተመረጡት ሴሎች ልክ ብቻ ይሆናል፤ ርዕሱም አጠገቡ ያሉት ሴሎች ባዶ እስከሆኑ ድረስ ሳይቆረጥ ይታያል። በብር ኮለም ላይ የሚታየው ##### ስሌት መበላሸቱን አያሳይም፤ ቁጥሩ ቦታ ስለጠበበው ነው፣ አብሮ ይስተካከላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በዚህ መንገድ የሚመጣው ስፋት ልክክ ያለ ስለሆነ ስክሪን ላይ ደህና የነበረው ድምር ወረቀት ላይ ##### ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የብሩን ኮለም መርጠህ አልት፣ ኤች፣ ኦ፣ ደብልዩ በል፤ የሚመጣው የስፋት ቁጥር ለምሳሌ 9.5 ከሆነ 11 አድርገው። ከዚያ በኮንትሮልና ፒ ሳታየው አታትም።