በሃይላንድ ቀድተህ ማይክሮፕላስቲክ አትለካም

ወንድሜ፣ «አቃቂ አካባቢ ካሉ ጉድጓዶች ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ቀድቼ ማይክሮፕላስቲክ ላስመርምር፣ ይበቃል?» ላልከው፦ አይበቃም። ማይክሮፕላስቲክ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው፤ ሃይላንዱ ራሱ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር ይፋቃል። ብርጭቆ ጠርሙስና ብረት ብቻ።

1. መጠን። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኢሊኖይ ጥናት በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ከሚያልፍ ውሃ በሊትር እስከ 15 ቅንጣት አግኝቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የሰሜን ምዕራብ ጀርመን ጥናት ግን በሜትር ኩብ በአማካይ 0.7 ነው ያገኘው። ያንተ ጉድጓድ የጀርመኑን ከመሰለ ሁለት ሊትር ምን ይነግርሃል? በ20 ማይክሮን የአይዝጌ ብረት ማጣሪያ ቢያንስ 1,000 ሊትር አሳልፍ።

2. የቆመውን ውሃ አስወጣ። ባለ 6 ኢንች ኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቱቦ) በሜትር 18 ሊትር ያህል ይይዛል። 60 ሜትር ውሃ ካለው 1,080 ሊትር፣ ማስወጣት ያለብህ ሦስት እጥፉን፣ 3,240 ሊትር ነው፤ በሰከንድ 2 ሊትር ለሚስብ ፓምፕ 27 ደቂቃ ነው። ኦፕሬተሩ በአምስተኛው ደቂቃ «ውሃ አባከናችሁ» ብሎ ሊያጠፋ ይመጣል፤ ስለዚህ የሚወጣው ወደ ሮቶ እንዲገባ ቀድመህ ተስማማ። ናሙናው ግን ከሮቶ በፊት ካለው ቧንቧ ይቀዳ። የእጅ ጉድጓድ ላይ በፕላስቲክ ገመድና በጀሪካን ከቀዳህ የምትቆጥረው የገመዱን ክር ነው።

3. ኬሲንጉ ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) ከሆነ ከእሱም፣ ከፓምፑ ቱቦም ትንሽ ፍቀህ ለብቻ አስቀምጥ። ውሃው ውስጥ ፒቪሲ ሲገኝ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው፤ ያለዚያ ከምድር ውስጥ መጣ ማለት አትችልም።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ይቅር፣ ሥራውን ሁሉ ገደል የሚከተው ባዶ ናሙና አለመያዝ ነውና። ቀድሞ የተጣራ ውሃ በብርጭቆ ይዘህ ሂድ፤ ጉድጓዱ አጠገብ ለናሙናው ያህል ጊዜ ክፈተው፣ በዚያው ማጣሪያ አሳልፈው። ለአንድ የመስክ ቀን ቢያንስ ሦስት። ናሙናው 6 ክር፣ ባዶው 5 ካሳየ ያገኘኸው የጃኬትህን ክር ሊሆን ይችላል። ጥጥ ልበስ፤ ፍሊስ የሚባለውን ሹራብ ቤት ተወው።

ላብራቶሪ ስትመርጥ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ፕላስቲኩን ከአፈሩ ለመለየት በምን ዓይነት ጨው ውሃ እንደሚያንሳፍፉት ጠይቅ። የገበታ ጨው ውሃ እፍጋቱ 1.2 ነው፤ የሃይላንድ ፕላስቲክ 1.38 ስለሆነ ይሰምጣል፣ ሳይቆጠርም ይቀራል። የዚንክ ክሎራይድ ውሃ ግን 1.6 ስለሆነ ያንሳፍፈዋል። በናይል ሬድ ቀለም ብቻ ቆጥረው ቁጥር የሚሰጡ አሉ፤ ቀለሙ ናሙናው ሲጸዳ ያልጠፋ ቅባትና ብስባሽንም ያበራል። የእያንዳንዱን ቅንጣት የኤፍቲአይአር ስፔክትረም (የፕላስቲኩን ዓይነት የሚለይ የብርሃን አሻራ) ካልሰጡህ ገንዘብህን አትክፈል።