ምስክሩ አልዋሸም፤ ተሳስቶ ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጣርማ በር ላይ ማታ በተፈጸመ ውንብድና ተከሶ 7 ዓመት ተፈርዶበታል። ማስረጃው የተዘረፈው ነጋዴ ቃል ብቻ ነው። በሰዓቱ ጉም እንደነበረና ዘራፊው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ እንደነበር ነጋዴው አልካደም፤ ሆኖም «በባትሪ አይቼዋለሁ፤ እሱ ነው፤ አልሳሳትም» ብሏል። ከ20 ቀን በኋላም ፖሊስ ጣቢያ ጠርተው ወንድሜን ብቻውን አሳይተውታል። ሰውየው በሐሰት የሚመሰክር አይመስለኝም። ታዲያ ይግባኝ ስንል ምን ብለን እንከራከር? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህታችን፣ «በሐሰት የሚመሰክር አይመስለኝም» ያሉት ቃል የክርክሩ መነሻ መሆን አለበት። ብዙ የይግባኝ ማመልከቻዎች ምስክሩን ቂመኛ ወይም በገንዘብ የተገዛ አድርገው ይነሣሉ፤ ቂሙን ማስረዳት ሲያቅታቸው ክርክሩ አብሮ ይወድቃል። እናንተ ነጋዴው እውነተኛ ሰው መሆኑን ተቀብላችሁ፣ እውነተኛ ሰው በዚያ ምሽት የማያውቀውን ሰው ፊት ለይቶ ሊይዝ ይችል ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ጣርማ በርን በጉም የተሻገረ ሁሉ የሚያውቀውን ለዳኞቹ ጻፉላቸው። በወፍራም ጉም ውስጥ ባትሪ ሲበራ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የያዘውን ሰው ዓይን ይወጋል፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ጥላው እንጂ ፊቱ አይለይም። ጋቢው እስከ አፍንጫ ከደረሰ ደግሞ የሚቀረው ዓይንና ግንባር ነው። መሣሪያ ተደቅኖበት ከነበረም፣ የፈራ ሰው ዓይን ከያዘው ሰው ፊት ይልቅ መሣሪያው ላይ እንደሚያተኩር በጥናት የታወቀ ነው። ስለዚህ ርቀቱ ስንት እንደነበር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳየው፣ ቀድሞ ያውቀው እንደሆነ ከመዝገቡ ግልባጭ አንድ በአንድ አውጡ። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ተርንቡል በተባለው መዝገብ እንዲመረመሩ ያዘዘው እነዚህን የመሳሰሉ ጥያቄዎችን ነው፤ ውሳኔው የእኛን ዳኞች ባያስገድድም ሐሳቡን ማቅረብ አይከለከልም።

ከሁሉ የከፋው ግን ወንድምዎ ለብቻው መታየቱ ነው። በመልክ፣ በዕድሜና በአለባበስ ከሚመሳሰሉት ሰዎች ጋር ተሰልፎ ቢሆን የምስክሩ ትዝታ ይፈተን ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቀርብለት ግን መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲያ በአእምሮው ያለው ፊት የጣርማ በሩ ይሁን የጣቢያው እሱ ራሱም ሊለየው አይችልም። አዶልፍ ቤክ የተባለውን ኖርዌያዊ ለንደን ውስጥ ብዙ ሴቶች «ያታለለን እሱ ነው» ብለው ስለመሰከሩበት በ1896 እና በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ጥፋተኛ ተባለ፤ በኋላ እውነተኛው አታላይ ተያዘ። የእንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1907 እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ስሕተት ነበር።

ዓቃቤ ሕግ «የሥር ፍርድ ቤት ምስክሩን በዓይኑ አይቶ መዝኖታል» ማለቱ አይቀርም። ይህ ምስክሩ ዋሽቷል ለሚል ክርክር መልስ ይሆናል፤ ከልቡ የተሳሳተ ሰው ግን ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ርቀት፣ ብርሃንና ጊዜ የሚነበቡት ከመዝገብ ስለሆነ እነሱን ለመመዘን ይግባኝ ሰሚው ከሥር ፍርድ ቤት አያንስም። ይህንን ክርክር ለሰበር አታቆዩት፤ ሰበር የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እንጂ የማስረጃ ምዘናን አይደለም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 187 ይግባኝ መጠየቃችሁን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ እንድታስታውቁ፣ ማመልከቻውንም የፍርዱ ግልባጭ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ እንድታስገቡ ያዝዛል። ነጋዴው በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ የሰጠው ቃል ችሎት ላይ ቀርቦ እንደሆነም አጣሩ፤ አንቀጽ 145 ይህን መጠየቅ ይፈቅዳል። ካልቀረበ በአንቀጽ 194 መሠረት ተጨማሪ ማስረጃ ሆኖ እንዲታይላችሁ አመልክቱ፤ ወንድምዎን ከማየቱ በፊት ስለ ዘራፊው መልክ የተናገረው እዚያ ውስጥ ነውና።