ቤቱስ ደረሰኝ፣ ደስታውስ?

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ቆጥቤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ቁልፉን የተቀበልኩ ቀን በደስታ አልቅሻለሁ። አሁን ዓመት ሳይሞላኝ የሚታየኝ የታክሲ ሰልፉና አራተኛ ፎቅ ድረስ የምሸከመው ጄሪካን ብቻ ሆነ። ምን ነካኝ? (የቱሉ ዲምቱዋ)

መልስ፦ ምንም አልነካሽም እህቴ፣ ለምደሽው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸው 22 ሰዎች ተጠንተው ነበር፤ ከየሰፈራቸው ሰው ብዙም የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም፣ እንዲያውም ቁርስ መብላት፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት የመሳሰሉት ትንንሽ ነገሮች (መጽሔት ማንበብም አለበት፣ ለእኛ ለመጽሔት ጸሐፊዎች አይበጅም!) ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር የሚያስደስቷቸው። የጄሪካኑ ግን የመልመድ ጉዳይ አይደለም፣ የወገብ ነው። ከጎረቤቶችሽ ጋር አዋጥታችሁ ሮቶ ግዙ። እግረ መንገድሽንም ቡና ጥሪያቸው፤ ከገባሽ ወዲህ ስንቶቹን በስም አውቀሻል?