«ጋሪ ልግዛለት ወይስ ልተወው?» የሕፃናት እንቅስቃሴ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከከተማችን ዳርቻ፣ አብዛኞቹም ከኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የመጡ ናቸው።

«ልጄ 13 ወር ሞልቶታል፤ ይቆማል እንጂ አይሄድም። የጎረቤታችን ልጅ በ10 ወሯ ሄደች። ባለቤቴ ባለጎማ መለማመጃ ጋሪ እንግዛለት ትላለች።» (አባት፣ ከየካ አባዶ)

ገንዘብዎን ይያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረገው ጥናት ጤነኛ ልጆች ያለ ድጋፍ መራመድ የጀመሩት ከ8 ወር ግድም አንሥቶ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። የጎረቤት ልጅ ቀደመች ማለት የእርስዎ ዘገየ ማለት አይደለም። የቤት ዕቃ ተደግፎ ወደ ጎን ይረማመዳል? ከቆመበት ቁጭ ብሎ መልሶ ይነሣል? እንግዲያው ሊሄድ ተቃርቧል። 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ ግን ሐኪም ይየው።

ጋሪው ውስጥ የገባ ልጅ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ወለሉን እየገፋ ይንሸራተታል እንጂ ሚዛኑን መጠበቅ፣ ወድቆ መነሣት፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር አይለማመድም። ፎቅ ላይ ለሚኖር ደግሞ አደጋው ይብሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ሳይቀር ያገደችው ልጆች ከነጋሪው ከደረጃ እየወደቁ ጭንቅላታቸው ስለሚጎዳ ነው። ይልቅ ጫማውን አውልቁለትና ሶፋው ላይ የድስት ክዳን አስቀምጡ፤ ሊይዘው ሲጠጋ ትንሽ ወደ ዳር አርቁት። «ወፌ ቆመች» ማለቱን ለአያቱ ተዉላት፤ እሱም ቢሆን ከጋሪው ይሻላል።

«ልጄ ሳይድህ ቆመ። ይጎዳዋል?» (ከጀሞ)

አይጎዳውም። ከላይ በጠቀስኩት የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ከመቶ ልጆች አራት ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው አልዳሁም።

«ጉልት ላይ ስለምሸጥ የ6 ወር ልጄን በአንቀልባ አዝዬ እውላለሁ። እግሩ ይወላገዳል ይሉኛል።» (ከቱሉ ዲምቱ)

አንቀልባ እግር አያወላግድም፤ እንዲያውም ጭኑ ተከፍቶ ጉልበቱ ታጥፎ መታዘሉ ለዳሌው መገጣጠሚያ ደግ ነው። ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሕፃን ልጅ ታዝሎም ሆነ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ገና መዳህ ያልጀመረ ደግሞ ነቅቶ ሳለ በሆዱ የሚተኛበት፣ በቀን ተደምሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጆንያ ላይ ነጠላ አንጥፈሽ ከጎንሽ አስተኚው። አንገቱን ቀና አድርጎ ደንበኞችሽን ይያቸው።

«የ2 ዓመት ልጄ እግሮች ጉልበታቸው ጋ ተራርቀው ተንጋደዋል፤ ቶሎም ይደክማታል። 4ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ሞግዚቷ ምች እንዳይመታት ብላ አታወጣትም።» (እናት፣ ከቦሌ አራብሳ)

እስከ 2 ዓመት ገደማ እግር መንጋደዱ ተፈጥሯዊ ነው። በ3 እና በ4 ዓመት ደግሞ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ፤ ወደ 7 ዓመት ሲደርሱ ይስተካከላሉ። ያሳሰበኝ መድከሟና ቤት መዋሏ ነው። የእጇ አንጓ ወፍሯል? የጎድን አጥንቶቿ ጫፍ ሲዳሰስ ጉብ ጉብ ይላል? ጥርሷ ዘግይቶ ነበር የወጣው? እነዚህ ካሉ ነገሩ ሪኬትስ (አጥንት የሚያለሰልስ በሽታ) ሊሆን ስለሚችል በደም ምርመራና በራጅ ይታይ። የ13 ወር ፀሐይ አለን እያልን በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንታቸው የሚለሰልስ ልጆች ማየት ያናድዳል። ደግሞ በመስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ ቫይታሚኑን የሚያመነጨውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ልጅቷ በረንዳ ትውጣ፣ እጅና እግሯ ይገለጥ። ሪኬትስ ከሆነ ግን ፀሐይ ብቻ ስለማይበቃ መድኃኒቱ ይቅደም፤ የኛ የፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ሥራ ይከተላል። እግሯን በቅቤ እያሹ ለማቃናት መጫን ይቅር።

«እህቴ የወለደችው ሕፃን ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። እናታችን ወጌሻ ይጠራ ትላለች።» (ከገላን)

አይጠራ። እንዲህ የዞረ እግር ፖንሴቲ በሚባለው ሕክምና ይቃናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል። እግሩ በእጅ በጥቂቱ ተመልሶ በጀሶ ይታሰራል፤ ጀሶው በየሳምንቱ እየተቀየረ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይታሰራል። አብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማታቸው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅላቸዋል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ነው፤ እናታችሁን አክብሩ፣ በዚህ ግን አትስሟት።

ወላጆች የሚሰንፉት እግሩ ከተቃና በኋላ ነው። እግሩ ተመልሶ እንዳይዞር በብረት የተያያዙ ልዩ ጫማዎችን ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግ አለበት። «ድኗል» ብለው ጫማውን ያወለቁ ቤተሰቦች ልጃቸውን ተመልሰው ያመጡታል። ሲያለቅስ ልባችሁ እንዳይራራ።

«የ9 ወር ልጄ ሁሉን ነገር በግራ እጁ ብቻ ይይዛል። ግራኝ ነው ማለት ነው?» (ከሰንዳፋ)

በዚህ ዕድሜ ግራኝም ቀኝም የለም፤ ሁለቱም እጆች እኩል መሥራት አለባቸው። ቀኝ እጁ ሁልጊዜ በጡጫ ይያዛል? አውራ ጣቱ ውስጥ ይቀበራል? ሲንፏቀቅ ቀኝ እግሩ ይጎተታል? ቀኝ ጎኑ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ሳምንት ለሕፃናት ሐኪም አሳዩት፤ የበሽታው ስም እስኪታወቅ ተብሎም ፊዚዮቴራፒው አይዘገይ። ቤት ሲጫወት በስልክ ቀርጻችሁ ውሰዱለት፤ ልጆች ሐኪም ፊት ማልቀስ እንጂ መጫወት አይሆንላቸውም።