ኢንተርንሺፕ ለምትወጡ የቢዝነስ ተማሪዎች፦ ደብዳቤው ይቅደም

ሰኔ ሲገባ ስልኬ ይበዛል። የጎረቤት ልጅ፣ የእህቴ ልጅ፣ የእህቴ ልጅ ጓደኛ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ኢንተርንሺፕ የምገባበት ቦታ ይፈልጉልኝ።»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «ክሬዲት አለው? ማለቴ፣ ግቢያችሁ ልምምዱን እንደ አንድ ትምህርት ይቆጥርላችኋል?»

አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። እስቲ ዘንድሮ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልንገራችሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ኮምቦልቻ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ነው። ቤቴ ደሴ ስለሆነ በመሃል ያለውን የሐረጎ ተራራ በጭጋግ ወርጄ በጭጋግ ስወጣ ነው የኖርኩት። ተማሪ እያለሁ ግን እኔም ተሸውጃለሁ። ክረምቱን ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ በነፃ ሠራሁ። ቫውቸር በቁጥር አስተካከልኩ፣ ፔሮል ደመርኩ። ካልኩሌተር እንኳ ከአለቃው ጠረጴዛ ነበር የምንዋሰው። መስከረም ላይ የሥራ ማስረጃዬን ይዤ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄድኩ። ኃላፊው አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው፣ መለሰልኝ።

«ጎበዝ ነህ። እኛ ግን አላወቅንህም።»

አልተመዘገብኩም፣ አማካሪ አልተመደበልኝም። ስለዚህ ክሬዲት የለም። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ሰውዬው ልክ ነበር፤ ምን እንደተማርኩ በምን ይወቅ?

ክሬዲት ደመወዝ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ስለተቀመጣችሁ አይከፈልም። ብዙ ግቢ የሚጠቀምበት ኢሲቲኤስ የሚባለው የክሬዲት አቆጣጠር ከአውሮፓ የመጣ አሠራር ነው። እዚያ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። እንግዲህ 6 ክሬዲት የተሰጠው ልምምድ ትንሹ 150 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 8 ሰዓት ብትሠሩ 19 ቀን ገደማ። ሪፖርት የምትጽፉበት ሰዓትም እዚሁ ውስጥ ይታሰባል። የኢንጂነሪንግ ልጆች ካሪኩለማቸው ላይ ስላለ ሴሚስተሩን ሙሉ ይወጣሉ። ቢዝነስ ላይ ግን እንደየግቢው ይለያያል። ካሪኩለሙን ራሳችሁ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ጓደኛ አትጠይቁ። የግል ኮሌጅ ልጆች ደግሞ ክፍያችሁ በክሬዲት ሰዓት የሚሰላ ከሆነ፣ በነፃ የምትሠሩትን ሥራ ከፍላችሁ ነው የምትሠሩት። ይህን ሲሰማ አባታችሁ ሊቆጣ ይችላልና ቀድማችሁ ንገሩት።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ፣ ከድርጅቱ ማህተም ያለበት መቀበያ ደብዳቤ፣ የአማካሪያችሁ ስም፣ የግምገማ ፎርሙን የሚሞላው ሰው ማን እንደሆነ፤ እነዚህ እጃችሁ ላይ ይሁኑ። ሁሉንም ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ስንቱ ቢሮ ተዘርፎ እንደቀረ እናንተም ታውቃላችሁ። ወረቀት ይጠፋል።

ቦታን በተመለከተ፣ ሁሉም ባንክ ይፈልጋል። ክራቫት አለዋ! ባንክ መጥፎ ነው አልልም። ግን የደንበኛ ሒሳብ ምስጢር ነው፤ ለተለማማጅ የሲስተም ፓስወርድ የሚሰጥ የለም። ፎርም ስትደረድሩ ልትከርሙ ትችላላችሁ። እኔ ብሆን ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ፋብሪካ ውስጥ ጥሬ ዕቃው ሲገባ፣ ምርት ሲሆን፣ ሲሸጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኮስት አካውንቲንግ፣ ማለትም የምርት ወጪ ስሌት፣ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ደግሞ የእናንተ ክረምት የእኛ መዝጊያ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ያልቃል፣ የዕቃ ቆጠራ ይደረጋል፣ ኦዲተር ይመጣል። ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ እኛ ጋ መጣች። ቆጠራ ላይ ስለነበርን መጋዘን ላክኋት። ቅር አላት። የመጀመሪያ ቀን ሎግቡኳ፣ የየዕለት ሥራዋን የምትመዘግብበት ደብተር፣ ላይ «ዛሬ በመጋዘን ሥራ ተሳትፌያለሁ» ብላ ጻፈች። ይህ ምንም ማለት አይደለም ብዬ መለስኩላት።

በማግስቱ የስታርች ጆንያ ስትቆጥር ቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የመጋዘን ካርድ፣ 48 ይላል፤ እሷ ያገኘችው 46። ደግማ ቆጠረች፣ ያው 46። ንብረት ክፍሉ ሰውዬ «አይጥ በላው ብለሽ ጻፊ» ብሎ ቀለደባት። እሷ ግን ዝም ብላ የወጪ ጥራዙን ቅጠል በቅጠል ማገላበጥ ጀመረች። እጇ እስከ ክንዷ በዱቄት ነጭ ሆኗል። ሰኔ 29 ከሰዓት ሁለት ጆንያ የወጣበት ቅጽ፣ መንግሥት ቤት ሞዴል 22 የሚባለው ዓይነት፣ ቅጂው ሳይነጠል ጥራዙ ላይ ቀርቷል። ዕቃው ወጥቷል፣ ካርዱ አልሰማም። ሮጣ ቢሮዬ መጣች። በሩን እንኳ አላንኳኳችም።

ያንን ቀን ሎግቡኳ ላይ ገጽ ተኩል ጻፈች፤ ልዩነቱን፣ ወረቀቱን፣ ባይገኝ ኖሮ የዓመቱ ሒሳብ ላይ ምን ያመጣ እንደነበር። አማካሪዋ ሪፖርቷን ስታቀርብ የጠየቃት ስለዚያች ገጽ ብቻ ነበር። እንዲህ ዓይነት ገጽ ነው ክሬዲት የሚያሰጠው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለባችሁ አይደል? ለሱም ቢሆን ከሃንድአውት ሽምደዳ ይሻላል።

ኮፒ አድርጉ፣ ይህን ደብዳቤ አድርሱ መባል አይቀርም። የመጀመሪያውን ሳምንት አድርጉት፣ ክብራችሁ አይነካም። ኮፒ የምታደርጉትን ግን እያነበባችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይም ያው ከሆነ ተቆጣጣሪያችሁን በትህትና «ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሲሠራ አጠገብዎ ልቀመጥ?» በሉት፤ የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ ማለት ነው። እምቢ የሚል ብዙ አላየሁም። ሰው ሥራውን ማሳየት ይወዳል።

ቦታ ካጣችሁም አብሽሩ፣ ደውሉልኝ። ግን በግንቦት ደውሉ። ሰኔ ላይ የትምህርት ክፍላችሁ ማህተም ያለው ሰው ተማሪ በመፈተን ላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ማህተሙን ቆልፎበት እረፍት ይወጣል።