የፓይክን ጥርስ የሚችል ዝንብ አስተሳሰር፦ ለጀማሪዎች

ልጆች፣

ስቶክሆልምና አካባቢው የምትኖሩ ዓሣ ወዳዶች ዕድለኞች ናችሁ። ከ1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስዊድን ጠረፍና በአምስቱ ትልልቅ ሐይቆች በእጅ ዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም፤ ከአምስቱ አንዱ ሜላረን ደግሞ እስከ ከተማው መሀል ይደርሳል። ፓይክ የሚባለውን ጥርሳም አዳኝ ዓሣ ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ሁለት ሰዓት የለፋችሁበት ሰው ሠራሽ ዝንብ (ጸጉርና ላባ በክር የታሰረበት መንጠቆ) አንድ ዓሣ አፍ ገብቶ ራቁቱን ሲወጣ ማየት ነው።

ቆሮሶ ለለመደ ሰው የፓይክ አፍ ያስደነግጣል። የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ቢላዋ ናቸው፤ ላንቃው ደግሞ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን ጥርሶች የሞሉበት ሞረድ ነው። እነዚህ ጥርሶች ዝንቡን የሚጎዱት ከጸጉሩ ይልቅ ክሩን በመቁረጥ ነው። አንዲት ዙር ከተበጠሰች ቀሪው ይተረተራል። የባሮና የኦሞው ጥርሳም ዓሣ ታይገር ፊሽም ዝንብ የሚያጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ጸጉር በመደራረብ ዝንብ አይጠነክርም። ክሩን ደብቁት፤ እያንዳንዱን እርከን ደግሞ ለብቻው ቆልፉት።

መንጠቆው ትልቅ፣ በመጠን ቁጥሩ ከ4/0 እስከ 6/0 ይሁን። ከጫፉ ጀርባ ያለችውን ጥርስ ማሰር ሳትጀምሩ በፒንሳ ጨፍልቋት። አንዳንድ መንጠቆ እዚያው ይሰበራል፤ ያኔ የከሰራችሁት ባዶ ብረት ብቻ ነው።

ክሩ ጄል ስፐን የሚባለው የፖሊኢትሊን ክር ይሁን፤ 150 ወይም 200 ዲኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ) ይበቃል። ብርቱ ነው፣ ግን ያሟልጫል። የጀማሪ ዝንብ በመንጠቆው ላይ የሚሽከረከረው በዚህ ምክንያት ነው። መንጠቆውን በሞርሳ አጥብቁ፤ ዘንጉን በአልኮል ጠርጉና ዙሮቹን አጠጋግታችሁ እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ፤ ግማሽ መንገድ ድረስ ተመለሱና አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ ቀቡት። ከቱቦው በቀጥታ አታፍስሱ። ሙጫው ጸጉር ውስጥ ከሰረገ ጸጉሩ ይደርቅና ሙጫው ያለቀበት መስመር ላይ እንደ ጭድ ይሰበራል። ይህን ክር ተራ መቀስ ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ወጥራችሁ በምላጭ ንኩት።

ዝንብ አሳሪው ሌፍቲ ክሬህ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ቼሳፒክ ቤይ ስትራይፕድ ባስ ለሚባለው ዓሣ የሠራው ዲሲቨር የተባለ ዝንብ ረጃጅም ላባዎቹ የሚታሰሩት መታጠፊያው አጠገብ ነው። ጅራቱ ከኋላ ስለሚጀምር በመንጠቆው ላይ እምብዛም አይጠመጠምም። የኒው ጀርሲው ቦብ ፖፖቪክስ ደግሞ ጸጉሩን ወደ ፊት አስሮ ወደ ኋላ መገልበጥን አስተማረ። ለፓይክ ሁለቱን አዳቅሉ።

ከመታጠፊያው ላይ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያላት የአጋዘን ጭራ ጸጉር እሰሩ። ጸጉሩን ከጭራው ጫፍ አካባቢ ቁረጡ፤ ከሥሩ ያለው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክሩ ሲጫነው ይበተናል። በላዩ ከ4 እስከ 6 የአውራ ዶሮ ረጅም ላባ፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም ከ10 የማይበልጥ ብልጭልጭ ክር ጨምሩ። የብልጭልጩን ጫፎች አበላልጣችሁ ቁረጡ። እዚህ ላይ ሦስት ቋጠሮና አንድ ጠብታ ሙጫ አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ቋጠሮ ለመጨረሻው ራስ ያቆየዋል። የፊቱ ክር ሲበጠስ ግን ጅራቱም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ከጭራው ሥር የተቆረጠውን ጸጉር ጫፉ ወደ መንጠቆው ዓይን (ገመድ ወደሚታሰርበት ቀዳዳ) እንዲያመለክት አድርጋችሁ ዙሪያውን እኩል አዳርሱና በስድስት ጠበቅ ያሉ ዙሮች እሰሩት። ቀለሙ ያለቀበት የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ውሰዱ፤ በመንጠቆው ዓይን በኩል አስገብታችሁ ጸጉሩን በሙሉ ወደ ኋላ ግፉት። ፊቱ ላይ ክር እየጠመጠማችሁ ትንሽ ግድብ ሥሩ፤ ጸጉሩ ምን ያህል እንደሚቆም የሚወስነው የግድቡ ቁመት ነው። ጸጉሩን ያሰረው ክር አሁን ራሱ ጸጉሩ ሥር ተደብቋል፤ ጥርሱ በቀላሉ አያገኘውም። ቋጠሮ፣ ሙጫ፣ ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄዳችሁ ድገሙት። ሦስት እርከን ይበቃል። አራተኛው ያምራል፣ ግን ውሃ ይሸከማል፤ ውሃ የጠጣ ዝንብ መወርወር እርጥብ ካልሲ እንደ መወርወር ነው።

ከመንጠቆው ዓይን ኋላ 5 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዉ። ለጭንቅላቱ ቦታ ያልተተወለት ዝንብ የመጨረሻው ቋጠሮ ጸጉር ላይ ይወጣና በማግስቱ ይፈታል።

ሰው ሠራሽ ዓይኖቹ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ጥሩ ነው። ጀርባቸው ላይ ያለውን ማጣበቂያ አትመኑት። በዩቪ መብራት የሚደርቅ ሙጫ ከሥርም ከላይም አድርጉላቸው፤ የዝንቡን ራስ ክርም በዚያው ሸፍኑት። ሙጫው በስስ በስሱ ይደራረብ፤ አንዴ ከወፈረ መብራቱ ውስጡ አይደርስም። ሳይደርቅ የመንጠቆውን ቀዳዳ በመርፌ ክፈቱ።

ከሞርሳው ሳታወርዱት የዝንቡን ራስ በሁለት ጣት ይዛችሁ ጠምዝዙ። ከዞረ መሠረቱ አልያዘም፤ በላዩ ሙጫ መጨመር ከንቱ ነው፤ ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ። ላባዎቹንም አንድ በአንድ ሳብ አድርጉ።

ውሃው ላይ ስትደርሱ ከዝንቡ ፊት 40 ሴንቲ ሜትር የብረት ሽቦ ይኑር። ናይለን ተበጥሶ መንጠቆ ጉሮሮው ውስጥ የቀረበት ዓሣ ሊሞት ይችላል። ስትነቅሉ ረጅም ፒንሳ ያዙና መታጠፊያውን ብቻ ቆንጥጡ። የዝንቡን ራስ የያዘ ፒንሳ ሙጫውን ይሰነጥቃል፤ እንደ እኔ ግምት ከጥርስ ይልቅ ፒንሳ የገደለው ዝንብ ይበዛል።

የባልቲክ ውሃ ጨው አለበት፤ ቤት ስትገቡ ዝንቡን በቧንቧ ውሃ እጠቡት። በማበጠሪያ አበጥሩና ጅራቱን ወደ ታች ሰቅላችሁ አሳድሩት። እርጥቡን ሳጥን ውስጥ ከዘጋችሁበት መንጠቆው ይዝጋል፣ ዝገቱም ነጩን ጸጉር ያቀልመዋል። የተጣመመ ላባ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ጥቂት ሰከንድ ሲያዝ ይቃናል። ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለበትን ግን ራቅ አድርጉት፤ ይኮማተራል።